«ዳውንሂል»፦ ስለ ሂችኮክ ድምፅ አልባ ሜሎድራማ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፊልሙን ላላያችሁ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እዚህ ታሪኩ እስከ መጨረሻው ይነገራል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ይሄ ፊልም ምንድነው? ማን ሠራው?

በ1927 እንግሊዝ ውስጥ የተሠራ ድምፅ አልባ ፊልም ነው፤ ዓይነቱ ሜሎድራማ፣ ማለትም ስሜትን አጉልቶ የሚያሳይ ድራማ ነው። ዳይሬክተሩ አልፍሬድ ሂችኮክ ነው። በኋላ ዓለም በልብ አንጠልጣይ ፊልሞቹ ያወቀው ያው ሰውዬ፣ ያኔ ግን ገና 27 ዓመቱ ነበር። ያሠራው ኩባንያ ጌንስቦሮ ይባላል።

መነሻው የመድረክ ቴአትር ነው። አይቮር ኖቬሎ እና ኮንስታንስ ኮሊየር አብረው ጽፈውት፣ ዴቪድ ሌስትሬንጅ በሚል የብዕር ስም አወጡት። ለፊልም ያዘጋጀው ኤሊየት ስታናርድ ነው። ዋናውን ሰው፣ ሮዲ በርዊክን የሚጫወተው ራሱ ኖቬሎ ነው። አሜሪካ ሲሄድ ርዕሱን ቀይረው «ዌን ቦይስ ሊቭ ሆም» አሉት። «ልጆች ከቤት ሲወጡ» እንደማለት ነው። እኔ የመጀመሪያውን ርዕስ እመርጣለሁ፤ «ቁልቁለት» ማለት ነው፤ ፊልሙም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ታሪክ ነው።

ታሪኩ በአጭሩ ምንድነው?

ሮዲ የሀብታም ልጅ ነው። አዳሪ ትምህርት ቤት ይማራል። በራግቢ ጎበዝ ነው፣ ሁሉም ይወደዋል፣ የተማሪዎች አለቃ ተደርጎም ይሾማል። የቅርብ ጓደኛው ቲም ዌክሊ የቄስ ልጅ ነው። ቤተሰቡ አቅም የለውም፤ ኦክስፎርድ መግባት የሚችለው ነፃ የትምህርት ዕድል ካገኘ ብቻ ነው። ሁለቱ ጓደኛሞች ሱቅ ውስጥ ከምትሠራ ሜብል ከምትባል ልጅ ጋር ይቀራረባሉ።

አንድ ቀን ሜብል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ትመጣለች። ጉድ ሆኛለሁ፣ አርግዣለሁ ትላለች። ማን እንደሆነ ስትጠየቅ ጣቷን ሮዲ ላይ ትቀስራለች። ጥፋተኛው ግን ቲም ነው። ሮዲ ይሄን እያወቀ አይናገርም፤ ቲም ከተባረረ ሕይወቱ እዚያው ያበቃልና ለጓደኛው ቃል ይገባል፣ ቃሉንም ይጠብቃል። እሱ ይባረራል። ቤቱ ሲደርስ አባቱ ሰር ቶማስ «ውሸታም» ይለዋል። ልጁም ከቤት ይወጣል።

ከዚያ በኋላ ለንደን ውስጥ አንድ ቴአትር ቤት ትንሽ ሥራ ያገኛል። አንድ ዘመዱ ሞቶ 30,000 ፓውንድ ይወርሳል። ያቺ ዞር ብላ አይታው የማታውቀው ዋና ተዋናይት ጁሊያ አሁን ታየዋለች። ይጋባሉ። እሷ ግን ከመድረክ አጋሯ ከአርቺ ጋር የነበራትን ግንኙነት አላቆመችም። ገንዘቡ ያልቃል፣ እሱም ይጣላል። ፓሪስ ወርዶ በዳንስ ቤት በክፍያ ከአሮጊቶች ጋር የሚደንስ ሰው ይሆናል። በመጨረሻ ማርሴይ ውስጥ በአንድ ቆሻሻ ክፍል ትኩሳት ይዞት ሲቃዥ እናገኘዋለን። መርከበኞች አዝነውለት ወደ እንግሊዝ ይመልሱታል። ቤቱ ሲደርስ አባቱ እውነቱን ደርሶበታል። ይቅርታ ይጠይቀዋል፣ እጁን ዘርግቶም ይቀበለዋል።

ሮዲ ለምን እውነቱን አልተናገረም? ሞኝ ነው?

በጣም የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። ብዙ ሰው ፊልሙን አይቶ ሲጨርስ በሮዲ ይናደዳል። እኔ ግን ሞኝ አልለውም። የ1920ዎቹን የእንግሊዝ አዳሪ ትምህርት ቤት አስቡት። እዚያ ልጅን የሚያሳድጉት ከሁሉም በላይ ጓደኛን አሳልፎ እንዳይሰጥ አድርገው ነው። ፊልሙም ገና ሲጀምር ይሄ የሁለት ተማሪዎች የታማኝነት ቃል ኪዳን ታሪክ እንደሆነና ከሁለቱ አንደኛው ዋጋ ከፍሎ እንደጠበቀው በጽሑፍ ይነግረናል። ሮዲ የሠራው ያስተማሩትን ነው። ያስተማሩት ሰዎች ናቸው በዚያው ትምህርት የቀጡት።

ደግሞ አንድ ነገር አስተውሉ። ሮዲ ርዕሰ መምህሩ ፊትም፣ አባቱ ፊትም ጥፋቱን የኔ ነው ብሎ አላመነም። ቲምን ብቻ አልጠቆመም። በሁለቱ መሀል ትልቅ ልዩነት አለ። የሚወደው ሰው ሮዲ «አላደረግሁትም» ሲለው ማመን ይችል ነበር፤ ማንም ግን ያንን ዕድል አልሰጠውም።

ሜብል ለምን ሮዲን ጠቆመች?

ምክንያቱ ገንዘብ ነው። ፊልሙም አይደብቀውም። የሮዲ አባት ሀብታም ነው፣ የቲም አባት ምንም የለውም። ሆዷ የገፋ ሱቅ ሠራተኛ በዚያ ዘመን ምን ይጠብቃት እንደነበር ማሰብ ነው። ከሥራ ትባረራለች፣ ከቤቷም ትባረር ይሆናል። የሚረዳት ማን ነው? ያለው ነው። ውሸቷ ውሸት ነው፣ የሰው ሕይወት አበላሽቷል። ፊልሙ ግን ለእሷ አንድ ደቂቃ እንኳን ማሰብ አልፈለገም፤ ይሄ ይቆጨኛል።

ታዲያ ትልቁ ጥፋተኛ ማነው?

ሰው ሁሉ ሜብልንና ጁሊያን ይረግማል። ለእኔ ትልቁ ጥፋተኛ ቲም ነው። ሜብል ችግር ገፍቷታል። ጁሊያ ማን እንደሆነች ከመጀመሪያው ግልጽ ናት፤ ሰው አላታለለችም ባይባልም፣ ቢያንስ ጥሩ ሰው ነኝ ብላ አልተመጻደቀችም። ቲም ግን ጓደኛው በእሱ ጥፋት ዕቃውን ሸክፎ ከትምህርት ቤት ሲወጣ እያየ ዝም አለ። ያ ዝምታ አንድ ቀን ብቻ ቢሆን ኖሮ ፍርሃት ነው እንል ነበር። ዝምታው እኮ ሮዲ ፓሪስና ማርሴይ እስኪደርስ ዘልቋል። ፊልሙ ቲምን ቶሎ ትቶት ስለሚሄድ ተመልካቹም ይረሳዋል። አትርሱት። ሁለተኛ ስታዩት የቲምን ፊት ተከታተሉ።

አባትየውስ? ልጁን ሳይጠይቅ እንዴት ፈረደ?

ለእኔ የፊልሙ ዋና ጉዳይ ይሄ ነው። ሰር ቶማስ ክፉ ሰው አይደለም። ልጁን የሚጠላ ሰው ቢሆን ታሪኩ ቀላል ይሆን ነበር። ልጁን ይወዳል፣ በልጁ ይኮራል። ችግሩ፣ የሚኮራው በልጁ ሳይሆን በልጁ ስም መሆኑ ነው። ትምህርት ቤቱ አንድ ነገር ሲለው ያንን አመነ፤ አሥራ ስንት ዓመት አብሮት የኖረውን ልጅ ግን አላመነም። አንድ ጥያቄ አልጠየቀም። «ማንን እየሸፈንክ ነው?» ማለት ይበቃ ነበር።

እዚህ ላይ ፊልሙ ድምፅ አልባ መሆኑ በጣም ይጠቅማል። የአፍ እንቅስቃሴ እናያለን፣ ቃሉን አንሰማም። ከሁሉም ንግግር መሀል አንዲት ቃል ብቻ በጽሑፍ ተለይታ ትወጣለች፤ ያቺ «ውሸታም» የምትለዋ ናት። ድምፅ ቢኖረው አባትየው ይጮህ ነበር፣ ልጁም ይመልስ ነበር፣ ክርክር ይሆን ነበር። አሁን ግን ቃሉ ብቻውን ጥቁር ላይ ተጽፎ ፊታችን ይቆማል። ክርክር የለም። የኖቬሎ ፊት ላይ የሚሆነውን ማየት ብቻ ነው።

30,000 ፓውንድ ያኔ ምን ያህል ገንዘብ ነበር?

ብዙ ነው። በዚያ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ አንድ ተራ ሠራተኛ በሳምንት የሚያገኘው ሦስት ፓውንድ ገደማ ነው። በዚህ ሂሳብ ውርሱ አንድ ሠራተኛ መቶ ዓመት ሠርቶ ከሚያገኘው ይበልጣል። በጥንቃቄ ለያዘው ሰው ዕድሜ ልኩን ያኖረዋል። ሮዲ እጅ ላይ ግን አልቆየም።

ውርሱ ለምን አላዳነውም?

ብዙ ሜሎድራማ ውስጥ ውርስ ማዳኛ ነው። ምስኪኑ ልጅ ይገፋል፣ ይራባል፣ ከዚያ አንድ ደብዳቤ ይመጣና ሁሉም ነገር ይስተካከላል። ሂችኮክ ይሄንን ገልብጦታል። ደብዳቤው የመጣው በፊልሙ መሀል ነው፣ ከዚያ ደብዳቤ በኋላ ነው ሮዲ የባሰ የሚወድቀው።

ለምን? ልጁ የጎደለው ገንዘብ ስላልሆነ ነው። የጎደለው የሚያምነው ሰው ነው። አባቱ «ውሸታም» ብሎ ያስወጣው ልጅ፣ አንዲት ቆንጆ ሴት ፈገግ ስትልለት ምን ያደርጋል? ሳይመረምር ያምናል። ገንዘቡን በሞኝነት ያባከነ ልጅ አድርጎ ማየት ቀላል ነው፤ እኔ ግን እምነት ሊገዛበት የሞከረ ይመስለኛል። ቤቱን እንኳን በእሷ ስም አድርጎታል፤ ስለዚህ አርቺን ከቤት ላስወጣ ብሎ ሲነሳ የሚወጣው ራሱ ሆነ። ሁለት ጊዜ ከቤት ተባረረ። አንዴ ከአባቱ ቤት ያለ ጥፋቱ፣ አንዴ በራሱ ገንዘብ ከተያዘው ቤት።

ጁሊያን ኢዛቤል ጂንስ ናት የምትጫወታት፣ በጣም ጎበዝ ናት። ወንበር ላይ ራሷን ወደኋላ ጥላ ሮዲ ሲገባ የምታይበት ቦታ አለ፤ ካሜራው በእሷ ዓይን ስለሚያይ ልጁ የሚገባው ተዘቅዝቆ ነው። ሰውየው ለእሷ ምን እንደሆነ በአንድ ምስል ተነገረ።

ስለ ደረጃው ትዕይንት ሁሉም ሰው የሚያወራው ለምንድነው?

ሮዲ ከአባቱ ቤት ከወጣ በኋላ የምናየው የለንደን ምድር ባቡር ጣቢያ ውስጥ በኤስካሌተር፣ በራሱ በሚንቀሳቀስ ደረጃ፣ ቁልቁል ሲወርድ ነው። ጀርባውን ሰጥቶን፣ እያነሰ እያነሰ ይሄዳል። የተቀረጸው ሜይዳ ቬል ጣቢያ ነው። ባቡሩ ሥራ እስኪያቆም ስለሚጠበቅ ቀረጻው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነበር። ሂችኮክ ራሱ ማታውን ቴአትር አምሽቶ፣ የክብር ልብሱን እንደለበሰ ቀጥታ ወደ ቀረጻው እንደሄደ በኋላ ለፈረንሳዊው የፊልም ዳይሬክተር ለፍራንሷ ትሩፎ በቃለ ምልልስ ተናግሯል።

በዚያው ቃለ ምልልስ ይሄን ትዕይንት የዋህ ነበር ብሎታል። ሰውየው ይወርዳል፣ ስለዚህ ሲወርድ አሳየሁት፤ በቃ፣ ዛሬ ቢሆን አላደርገውም አይነት። እኔ በዚህ ከራሱ ከሂችኮክ ጋር አልስማማም። ሐሳቡ ቀላል ነው፣ እውነት ነው። ግን ኤስካሌተር ላይ የቆመ ሰው እግሩን አያንቀሳቅስም። ሮዲ አይራመድም፤ ማሽኑ ነው የሚወስደው። ያ ልጅ ምንም ሳያደርግ ነው የሚወርደው፣ ታሪኩም ያ ነው። በኋላ ከጁሊያ ቤት ሲወጣም በአሳንሰር እንዲሁ ይወርዳል፤ ያኔ የመጀመሪያው ትዝ ይላችኋል።

ሌላ እንዳያመልጠኝ የምትሉት ትዕይንት አለ?

አለ፣ ሁለት።

አንደኛው የለንደኑ ክፍል መግቢያ ነው። ሮዲን በሚያምር የክብር ልብስ እናየዋለን። አሃ፣ ተነሳ፣ ሀብታም ሆነ እንላለን። ካሜራው ትንሽ ወደኋላ ሲል አስተናጋጅ መሆኑን እናውቃለን፤ እንግዶች ያስተናግዳል። አንድ የሲጋራ መያዣ ሲያነሳ ደግሞ ሌባ ሆነ ብለን እንደነግጣለን። ካሜራው እንደገና ዞር ሲል ሁሉም ሰው መደነስ ይጀምራል፣ ለካ የቴአትር መድረክ ነው፤ አስተናጋጅም ሌባም አይደለም፣ ተዋናይ ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሳሳትን። ያለ ማስረጃ መጠርጠር እንዴት ቀላል እንደሆነ ሂችኮክ በእኛው ላይ ፈተነው። አባትየውን ስንወቅስ ቆይተን እኛም ያንኑ አደረግን። ለእኔ የፊልሙ ምርጥ ደቂቃ ይሄ ነው፤ ስለ ኤስካሌተሩ ከሚወራው እኩል ቢወራለት ደስ ይለኛል።

ሁለተኛው የፓሪሱ ዳንስ ቤት ነው። ሌሊቱን ሙሉ በመብራት ሁሉም ሰው ደህና ይመስላል። ሮዲ አንዲት በዕድሜ የገፋች ደግ ሴት አግኝቶ ታሪኩን ያጫውታታል። ከዚያ መጋረጃው ይከፈታል፣ የጠዋት ብርሃን ይገባል። የሁሉም ፊት ይቀየራል። ድካሙ፣ ቀለሙ፣ ዕድሜው ይታያል። ማንም ምንም አላለም፣ ሮዲ ግን እዚያ መቆየት እንደማይችል ያኔ ገባው።

መጨረሻ አካባቢ ምስሉ አረንጓዴ የሚሆነው ለምንድነው? ቅጂው ተበላሽቶ ነው?

አይደለም፣ ሆን ተብሎ ነው። በድምፅ አልባው ዘመን ፊልሞችን ቀለም መንከር የተለመደ ነበር። እዚህ አረንጓዴው ከትኩሳቱና ከቅዠቱ ጋር የተያያዘ ነው። ቅዠቱ ውስጥ የበደሉት ሰዎች አንድ ላይ ሆነው ይታዩታል። ሂችኮክ ቅዠቱን በደበዘዘና በጉም በተሸፈነ ምስል ሳይለይ ከእውነታው ጋር ቀላቅሎታል፤ ስለዚህ ሮዲ እንደሚሆነው እኛም የቱ እውነት እንደሆነ ግር ይለናል።

ኖቬሎ ለተማሪነት ዕድሜው አልገፋም?

ገፍቷል። 34 ዓመቱ ነበር። የመጀመሪያው ክፍል ላይ ያስታውቃል፣ መካድ አይቻልም። ግን ያኔ በእንግሊዝ የሱን ያህል የሚወደድ ተዋናይ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሰው ሁሉ የዘመረውን ዜማ ያቀናበረ ሙዚቀኛም ነበር፣ ደራሲውም እሱ ነው። ታሪኩ ወደ ፓሪስ ሲገባ ዕድሜው ይጠቅማል። የተጎሳቆለውን ሮዲ የሃያ ዓመት ልጅ እንዲህ አድርጎ የሚያሳየን አይመስለኝም።

ፊልሙ በሴቶች ላይ አይከፋም?

ይከፋል። ሮዲን የሚጎዱት በተራ ሴቶች ናቸው፦ ሱቅ ሠራተኛዋ፣ ተዋናይቷ፣ የፓሪሷ ዳንስ ቤት ባለቤት። ወንዶቹ፣ ማለትም ቲምና አባትየው፣ በቀላሉ ያልፋሉ። የፓሪሷ ደግ ሴት ትንሽ ታመዛዝነዋለች፣ ግን በቂ አይደለም። ይሄንን ሳልናገር ፊልሙን ብቻ ባሞግስ ትክክል አይሆንም። በሌላ በኩል ግን፣ አስቀድሜ እንዳልኩት፣ በጥንቃቄ ካያችሁት መጀመሪያ የጎዱት አባቱና ጓደኛው ናቸው። እነሱ ባይጥሉት ጁሊያ ጋር አይደርስም ነበር።

ከሌሎቹ የሂችኮክ ፊልሞች ጋር ምን ያገናኘዋል?

ያለ ጥፋቱ የተጠረጠረ ሰው የሂችኮክ የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነው። ከዚህ ፊልም ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በወጣው «ዘ ሎጀር» ላይም ያው ኖቬሎ በነፍሰ ገዳይነት የሚጠረጠር ተከራይ ሆኖ ይጫወታል። እዚያ የሚያሳድደው ሕዝብ ነው፣ እዚህ የሚያሳድደው የገዛ ቤተሰቡ ነው። የቱ ያማል? እኔ ሁለተኛው እላለሁ።

እንግሊዝኛ ባልችል ይገባኛል?

ይገባችኋል። ጽሑፉ በጣም ጥቂት ነው፤ ታሪኩ የሚሄደው በምስል ነው። ሦስት ክፍሎች እንዳሉት ብቻ ያዙ። መጀመሪያ የወጣትነት ዓለም፣ ቀጥሎ የማስመሰል ዓለም፣ ከዚያ ተስፋ የተቆረጠበት ዓለም። እናትና አባታችሁ አጠገባችሁ ካሉ አብራችሁ እዩት። ቋንቋ የማይጠይቅ ፊልም ለዚህ ይመቻል፤ አባትና ልጅ አብረው ሲያዩት ደግሞ ጥሩ ወሬ ይነሳል።

መጨረሻው ደስተኛ ነው ወይስ አይደለም?

ወረቀት ላይ ደስተኛ ነው። ልጁ ተመለሰ፣ አባቱ ይቅርታ ጠየቀ፣ ሮዲ የድሮ ሕይወቱን ቀጠለ፤ ወደ ራግቢ ሜዳም ተመለሰ። ብዙ ሰው ይሄ ችኮላ ነው ይላል፣ እኔም በከፊል እስማማለሁ። የወጣበት ዓመታት የት ሄዱ? ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። አባትየው ይቅርታ የጠየቀው እውነቱን ካወቀ በኋላ ነው። ማስረጃው ከደረሰ በኋላ ማመን ማንም ይችላል። ሮዲ የፈለገው ማስረጃው ሳይመጣ የሚያምነው አባት ነበር፣ ያንን ፊልሙ አልሰጠውም። መጨረሻውን ሳየው ለሮዲ ደስ ይለኛል፣ ለሰር ቶማስ ግን አንጀቴ አይራራም።

የትኛውን ቅጂ ልይ?

የብሪታንያ ፊልም ኢንስቲትዩት በ2012 ያደሰውን ፈልጉ። ሂችኮክ አሥር ድምፅ አልባ ፊልሞች ሠርቷል። አንዱ ጠፍቷል፣ ዘጠኙ ተርፈዋል፤ ኢንስቲትዩቱ ዘጠኙንም አድሷቸዋል። በ2013 ዘጠኙም በዩኔስኮ የዓለም ትዝታ የብሪታንያ መዝገብ ውስጥ ገብተዋል። ክራይቴሪዮን የተባለው የአሜሪካ የፊልም ዲስክ አሳታሚ በ2017 ባወጣው የ«ዘ ሎጀር» ዲስክ ላይም «ዳውንሂል» ከኒል ብራንድ የፒያኖ ሙዚቃ ጋር አብሮ አለ። አሜሪካ ውስጥ ከ2023 ጀምሮ የቅጂ መብቱ ስላለቀ ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኙ ቅጂዎች ሞልተዋል፤ ግን ብዙዎቹ የደበዘዙ፣ ፍጥነታቸው የተዛባና ያለ ቀለም የተጫኑ ናቸው። አረንጓዴው ከሌለ ያገኛችሁት ቅጂ ጥሩው አይደለም፣ ሌላ ፈልጉ።